ልጆቻችን የሚማሩት ከቧንቧው ሥር ነው

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ራሴ ጥፋት ነው። ጥፋቱ ትንሽ ይመስላል፤ እኔም በመጀመሪያ ትንሽ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ባሰብኩት ቁጥር እየከበደኝ ስለሄደ፣ እንደኔ ያለ አባት ወይም እናት ካለ አብረን እንመካከርበት ብዬ ብዕሬን አነሳሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ ደብተሩን ይዞ መጣ። የአካባቢ ሳይንስ የቤት ሥራ ተሰጥቶታል። ጥያቄው አካባቢያችንን የምንንከባከብባቸውን ሦስት መንገዶች ጻፉ የሚል ነው። እኔም እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ “አንደኛ ዛፍ መትከል፣ ሁለተኛ ቆሻሻን በቦታው መጣል፣ ሦስተኛ ውሃ አለማባከን” እያልኩ አስጻፍኩት። እርሱም እርሳሱን ጨብጦ፣ አንዷን ፊደል ሁለት ጊዜ እያጠፋ በጥንቃቄ ጻፈ። “ውሃ ማባከንን እኮ አላህም አይወደውም” ብዬ የቤት ሥራውን ወደ ዲን ትምህርት አሸጋገርኩለት። በራሴ ደስ አለኝ።

የመግሪብ አዛን ሲሰማ ተያይዘን ወደ ሰፈራችን መስጊድ ሄድን። ዉዱእ ማድረጊያው ቦታ ላይ ለብዙ ጊዜ ያላየሁትን ወዳጄን አገኘሁት። ቧንቧውን ከፍቼ እጄን ታጠብኩና ወሬ ጀመርን፤ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራ። እኔ ፊቴን ወደ ወዳጄ አዙሬያለሁ፤ ውሃው ይፈስሳል። በዚህ መሀል አንዲት ትንሽ እጅ በክንዴ ሥር አልፋ ቧንቧውን ዘጋችው።

“አባ፣ ሦስተኛውን ረሳኸው” አለኝ ልጄ።

በዙሪያችን የነበሩት ሰዎች ሳቁ። እኔ ግን አፈርኩ፤ እፍረቱም ወዲያው ወደ ቁጣ ተለወጠ። “አባትን በሰው ፊት ማረም ከማን ነው የተማርከው?” ብዬ ጆሮውን ጠመዘዝኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ። ከጎኔ ቆሞ ሰገደ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን እንደ ሁልጊዜው እጄን አልያዘም።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጄን የቀጣሁት ስለዋሸ አይደለም፤ ስለሰረቀም አይደለም። የቀጣሁት እኔው ራሴ ከሁለት ሰዓት በፊት ያስጻፍኩትን በተግባር ስለፈጸመ ነው! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ሶፍ መጀመሪያ ላይ የማይሠሩትን የሚናገሩትን እንዴት እንደሚወቅስ፣ ነገሩም እርሱ ዘንድ ምን ያህል የተጠላ እንደሆነ አውቃለሁ። በሱረቱል በቀራም ሌላውን በበጎ ነገር እያዘዙ ራሳቸውን የሚረሱት መወቀሳቸውን በኹጥባ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ ስሰማው ግን ስለ ሌላ ሰው የሚናገር ይመስለኝ ነበር። ስለ እኔም እንደሆነ የገባኝ በዚያች ሌሊት ነው።

በሰባት ዓመት የሚገጥሙ ሁለት ትምህርቶች

እስቲ አንድ ነገር ልብ እንበል። በሀገራችን ሥርዓት አንድ ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በሰባት ዓመቱ ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ልጆች ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሶላት እንድናዛቸው አስተምረውናል። ሶላት ደግሞ በጠሃራ ነው፤ ጠሃራም በውሃ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሁለት ቦታ ትምህርት ይቀበላል ማለት ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ ውሃ፣ ስለ አፈር፣ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ይነግረዋል። በቤትና በመስጊድ ደግሞ ውሃ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምግብ እንዴት እንደሚበላ፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል ከእኛ ያያል።

ሁለቱ ትምህርቶች ከተስማሙ እሰየው፤ ልጁ በሁለት እግሩ ይቆማል። ከተጋጩስ? መምህሩ ውሃ አታባክኑ ሲሉት አባቱ ቧንቧ ከፍቶ የሚያወራ ከሆነ፣ ልጁ የትኛውን ያምናል? መጀመሪያ ግራ ይገባዋል። ቀጥሎ አንድ አደገኛ ነገር ይማራል። ደብተር ላይ የሚጻፍ ነገር ሌላ፣ የሚኖርበት ነገር ሌላ እንደሆነ ይማራል። ይህን አንዴ የተማረ ልጅ ነገ ስለ ውሸት፣ ከነገ ወዲያም ስለ ሐራም ገንዘብ ስንነግረው በዚያው ጆሮ ነው የሚሰማን። ስለዚህ የምንነጋገረው ስለ ጥቂት ሊትር ውሃ ብቻ አይደለም፤ የልጆቻችን ልብ ከቃላችን ጋር ስላለው መተማመንም ጭምር ነው።

ኢማም አል-ገዛሊ ኢሕያእ በተሰኘው ትልቁ ሥራቸው ልጅ በወላጆቹ እጅ ያለ አማና መሆኑን፣ ንጹሕ ልቡም የተቀረጸበትን ሁሉ የሚቀበል መሆኑን ጽፈዋል። አበው “ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም” ይላሉ። ስለ ሊጡ ልክ ይሆናሉ። በሰባት ዓመት የተቀረጸ ልማድ ግን ለእራት ብቻ ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ይበቃል።

ኢብኑ ዐባስ ያየው

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጆችን እንዴት ያስተምሩ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ሰው ቡኻሪ የዘገቡትን የዐብዱላህ ኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) ታሪክ ያስታውስ። ኢብኑ ዐባስ ገና ልጅ ሳለ አንድ ሌሊት በአክስቱ በእመት መይሙና (ረ.ዐ.) ቤት አደረ። መይሙና የነቢዩ ባለቤት ናቸው። ሌሊቱ ሲጋመስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተነሱ፤ ተሰቅሎ ከነበረ አሮጌ የውሃ አቁማዳም ቀለል ያለ ዉዱእ አደረጉ። ከዚያም ለሶላት ቆሙ። ልጁ አልተጠራም፤ አልተቀሰቀሰም፤ ተነሥ የሚል ትእዛዝም አልተሰጠውም። እርሱ ግን ነቅቶ ይመለከት ነበር። ተነሣ፤ እርሳቸው እንዳደረጉት ዉዱእ አደረገ፤ መጥቶም በግራቸው ቆመ።

ልብ በሉ! ሌሊት ነው። ሰው አያይም። ያም ሆኖ ዉዱኡ ቀላል ነበር፤ ውሃው የሚቀዳው ከአንዲት አቁማዳ ነው። ልጁ በቁጠባ መጠቀምን የተማረው ስለ ቁጠባ ተነግሮት አይደለም፤ አይቶ ነው። ያየውንም ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ኖረ፤ አድጎ የኡመቱ ታላቅ ዓሊም ሲሆንም አስተላለፈው፤ እነሆ ለእኛም ደረሰን።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። ልጁ በግራ ስለቆመ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ቀኛቸው አዛወሩት። በአንደኛው ዘገባ ቀኝ እጃቸውን በራሱ ላይ አሳርፈው ጆሮውን እንደያዙት ተነግሯል። ይህንን ሳነብ ደነገጥኩ። እርሳቸውም የልጅ ጆሮ ይዘዋል፤ እኔም ይዣለሁ። የእርሳቸው እጅ ግን የልጁን አቋቋም ሊያስተካክልና ሊያላምደው እንጂ ሊቀጣው አልነበረም። የእኔ እጅ የጠመዘዘው የእኔን ክብር ለማዳን ነው። በሁለቱ እጆች መካከል ያለው ርቀት ይታያችኋል?

አንድ ሙድ ስንት ነው?

በማግሥቱ ነገሩን በቁጥር ላየው ፈለግሁ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ዉዱእ ያደርጉ ነበር፤ ገላቸውንም ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ ይታጠቡ ነበር። ሙድ ማለት መካከለኛ ቁመና ያለው ሰው ሁለት እጆቹን አጋጥሞ ሲያፍስ የሚይዘው መጠን ነው። በአብዛኞቹ ዑለማዎች ስሌት ሁለት ሦስተኛ ሊትር ገደማ ይሆናል፤ በሐነፊዮች ስሌት ደግሞ አንድ ሊትር ያህል። ይኸውም በየሱቁ ከምንገዛው የአንድ ሊትር የሀይላንድ ውሃ አይበልጥም ማለት ነው።

እኔስ? ቤቴ ባለው ቧንቧ ሥር ባልዲ አስቀምጬ እንደ ልማዴ ዉዱእ አደረግሁ። ስጨርስ ባልዲው ውስጥ የተጠራቀመውን በአንድ ሊትር ጆግ እየቀዳሁ ለካሁት። ሰባት ሊትር ሆነ! ያውም የሚያጫውተኝ ወዳጅ በሌለበት።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ይበቃል ብንል እንኳ በእያንዳንዱ ዉዱእ ስድስት ሊትር አፈስሳለሁ። ለአምስቱም ሶላት ዉዱእ ካደስኩ በቀን 30 ሊትር ይሆናል፤ በዓመት ደግሞ 11 ሺህ ሊትር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢለካ ከ540 ጀሪካን በላይ ነው። ከእኛ ከተማ ወጣ ባሉ ቦታዎች አንዲት እህት ያንን አንድ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ስንት ዳገት እንደምትወጣ የማያውቅ አለ? እዚሁ አዲስ አበባም ቢሆን ውሃ በፈረቃ የሚደርሳቸው ሰፈሮች ስንት ሌሊት ባልዲ ደርድረው እንደሚጠብቁ የማናውቅ አለን? እኔ በዒባዳ ስም 540 ጀሪካን ወደ ቦይ ደፋሁ! በሱረቱል አዕራፍ መብላትና መጠጣት ተፈቅዶ ማባከን ግን ተከልክሏል፤ አላህ አባካኞችን እንደማይወድም ተነግሯል። ለመብልና ለመጠጥ ይህ ከተባለ፣ ወደ እርሱ ለመቅረብ በምንነካው ውሃማ ምን ያህል መጠንቀቅ ይገባን ነበር?

ቆሻሻችን የት ይሄዳል?

ልጆች ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ይህኛው ትልቁ ነው። ብዙዎቻችን የምንመልሰው “ተወው፣ ይወስዱታል” ብለን ነው። ወዴት ይወስዱታል? ለአዲስ አበባ መልሱ ለአሥርተ ዓመታት ቆሼ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ በሥሩ ይኖሩ በነበሩ ወገኖቻችን ላይ ወደቀ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሕፃናትም ነበሩባቸው። አላህ ለሟቾች ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቦቻቸውም ሰብር ይስጥልን። ያን ክምር ማን ሠራው? ሁላችንም ነን፤ በየዕለቱ አንዳንድ ፌስታል እያዋጣን። በሱረቱ ሩም በየብስም በባሕርም ላይ የሚታየው ጥፋት የሰዎች እጅ ሥራ ውጤት መሆኑ ተነግሮናል። ይህን ለመረዳት ከዚያ ቀን የበለጠ ተፍሲር አያስፈልግም።

የወንዞቻችንም ነገር እንዲሁ ነው። ወደ ቀበናና ወደ ባንተይቀጡ የምንጥለው ሁሉ ወደ አቃቂ ይወርዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በዚያው ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ገበያችን ይመጣል፤ ልጆቻችንም ይበሉታል። የአቃቂ ውሃ ደግሞ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ተጉዞ ተጉዞ የአፋር ወገኖቻችን ከብቶቻቸውን ወደሚያጠጡበት ሜዳ ይደርሳል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሰው በሚቀዳበት ውሃ፣ በሚሄድበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ላይ መጸዳዳት እርግማን የሚያመጣ ተግባር መሆኑን አስጠንቅቀዋል። ውሃ፣ መንገድ፣ ጥላ! ሦስቱም የጋራ ናቸው። የጋራ የሆነው ነገር የማንም አይደለም ብሎ የሚያድግ ልጅ ማሳደግ የለብንም።

በበዓላችን ምን እናሳያቸዋለን?

ልጅ ከክፍል ትምህርት ይልቅ በዓልን አይረሳም። ታዲያ በዒድ ቀን ምን ያያል? በአዲስ አበባ ስታዲየምና በዙሪያው ባሉ መንገዶች ሰግደን ስንነሣ፣ ያነጠፍነው ጋዜጣና ላስቲክ በቦታው ይቀራል። አላህ ይመንዳቸውና ከሰው ኋላ ቀርተው የሚለቅሙ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች አሉ። ግን የኔ ላስቲክ ለምን የሌላ ሰው ልጅ ሥራ ይሆናል? በሙስሊም ዘገባ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ተደርጎ ተቆጥሯል። ልጄ ከተክቢራው ጋር ይህን ቅርንጫፍ ጥዬ ስሄድ ካየኝ፣ ኢማንን እንዴት ሙሉ አድርጎ ይማረዋል?

የአረፋ በዓልም አለ። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የበግ ቆዳ በየጥጋጥጉ ተጥሎ ማየት ተለምዷል። ፈርሱና አንጀቱም ቦይ ውስጥ ይገባል። ኡድሒያ ለአላህ የቀረበ መሥዋዕት ነው፤ ሥጋው ለድሃና ለጎረቤት የሚደርስ ነው። ጎረቤታችንን ሥጋ አድርሰንለት፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሽታውን ካደረስንለት ምን ዓይነት ስጦታ ሆነ? ከቤታችን ልጆች ጋር ሆነን ጉድጓድ ቆፍረን ብንቀብር፣ ቦታ የሌለን ደግሞ በሚገባ አስረን ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ብናስረክብ፣ ይህም የዒዱ አንድ ክፍል ይሆን ነበር።

በፍቅር ይጀመር

ልጅን በማስፈራራት ብቻ አካባቢ እንዲንከባከብ ማድረግ አይቻልም። መጀመሪያ ይወድድ። አነስ (ረ.ዐ.) አቡ ዑመይር የሚባል ትንሽ ወንድም ነበረው። ይህ ልጅ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ሞተችበትና አዘነ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ ያ ሁሉ የኡመት ጉዳይ በትከሻቸው ላይ እያለ፣ ስለ ወፏ በስሟ እየጠሩ ጠየቁት። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የልጅን ሐዘን ያልናቀ ሰው የልጅን ልብ ያገኛል።

እኛስ ልጆቻችን ወንጭፍ ይዘው ርግብ ሲያሳድዱ፣ ውሻ በድንጋይ ሲደበድቡ “ልጅ ነው” ብለን እናልፋለን። በጉዞ ላይ አንዳንድ ሶሐቦች የአንዲት ወፍ ጫጩቶችን ወስደው እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች ስትመጣ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠይቀው እንዲመለሱላት ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ለተጠማ ውሻ ውሃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ይቅር እንደተባለ፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴትም እንደተቀጣች በሶሒሕ ሐዲስ የታወቀ ነው። እነዚህን ታሪኮች ለልጅ በመኝታ ሰዓት ንገሩት። ከተረት ይልቅ ይወድዳቸዋል፤ እውነት ስለሆኑም ይቀሩበታል።

ስለ ዛፍም እንዲሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያም ወዲህ በየክረምቱ ተማሪዎች እየወጡ ይተክላሉ። መትከሉ መልካም ነው። ነገር ግን መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ማሳደግ የዓመታት። ሙስሊም የተከለው ተክል ወፍ ወይም ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። እንግዲህ ሰደቃው ያለው በሚበላው ላይ ነው፤ በመስከረም ደርቆ በተገኘው ላይ አይደለም። ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ እንዲተክለው ኢማም አሕመድ በዘገቡት ሐዲስ ታዝዟል። ፍሬውን ላያይ ይተክል ከተባለ፣ ፍሬውን ሊያይ የሚችለው ልጃችን ምን ያህል ተስፋ ይኑረው!

ሁለት ተቃውሞዎች

አንዳንድ ወንድሞች “ይህ የአካባቢ ጉዳይ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው፤ ኡመቱ ከዚህ የበለጠ ችግር አለበት” ይላሉ። ዓለም ስለ አካባቢ የመጀመሪያውን ትልቅ ጉባኤውን በስቶክሆልም ያካሄደው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከ1,400 ዓመት በፊት መዲናን ሐረም አድርገው ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋም እንዳይታደን ደንግገዋል። ፋሽኑ ከማን ቤት እንደወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ትልልቅ ችግሮች እንዳሉብንም አውቃለሁ። ነገር ግን ቧንቧ መዝጋት ያቃተው እጅ ትልቁን ችግር ሊፈታ ይችላልን?

ሌሎች ደግሞ “ልጅ አባቱን ካረመ ክብር የት አለ?” ይላሉ። ይህ የእኔም ጥያቄ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በሱረቱ መርየም ነው። ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) አባታቸውን ከጣዖት ሊመልሱ ሲናገሩ አራት ጊዜ አባቴ ሆይ እያሉ በፍቅር ጠርተዋቸዋል። ስለዚህ ልጅ ለአባቱ እውነት መናገሩ ድፍረት አይደለም፤ አደቡ በአነጋገሩ ላይ ነው። ልጄም እኮ “አባ” ብሎ ነው የጀመረው! አደብ የጎደለው በእኔ በኩል ነበር።

ምን እናድርግ?

ወገኖቼ፣ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ነገር አላመጣሁም። አንደኛ፣ ለልጃችሁ አንድ ሊትር የምትይዝ ማንቆርቆሪያ ወይም ጆግ መድቡለት። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ሁላችሁም በእርሷ ብቻ ዉዱእ አድርጉ። በአፍ ከምትነግሩት ይልቅ በእጁ የለካውን ያምናል።

ሁለተኛ፣ በታክሲ መስኮት ምንም ነገር አትጣሉ። የሙዝ ልጣጭም ሆነ ሶፍት በፌስታል ይዛችሁ ቤት ግቡ። ልጁ ለምን ብሎ ይጠይቃችኋል፤ ያኔ ስለ መንገድና ስለ ኢማን ቅርንጫፍ ንገሩት።

ሦስተኛ፣ ለአንድ ልጅ አንድ ተክል ይኑረው። ግቢ የሌለው በተሰነጠቀ ባልዲ ወይም በቆርቆሮ ጤና አዳም ይትከል። ዉዱእ ያደረግንበት ውሃ በሳፋ ተጠራቅሞ ይጠጣ። ተክሉ ቢደርቅ አትቆጡት፤ አብራችሁ እንደገና ትከሉ።

አራተኛ፣ የመስጊድ ኮሚቴዎቻችን የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ሳይውል ሳያድር ያስጠግኑ። የዉዱእ ውሃ ወደ ቦይ ከሚሄድ ወደ ግቢው ዛፎች ቢመራ እሰየው ነው። ኡስታዞቻችንም የዉዱእን ፈርድና ሱና ሲያስተምሩ የሙድን መጠን በተግባር ያሳዩ፤ ሲፈትኑም ስንት ውሃ እንደተጠቀመ ይመልከቱ።

አምስተኛ፣ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው፤ ልጆቻችን ስንረሳ እንዲያስታውሱን ፈቃድ እንስጣቸው። ሲያስታውሱንም ጀዛከላህ እንበላቸው።

ይህን የመጨረሻውን ከጻፍኩ በኋላ ሳልፈጽመው ለጋዜጣ መላክ አሳፈረኝ። ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አጠገቤ አስቀመጥኩትና፣ “በመስጊድ ያደረግከው ልክ ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አውፍ በለኝ” አልኩት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ “ታዲያ ዛሬ እኔ ላስታጥብህ?” አለኝ። ማንቆርቆሪያውን ሞልቶ አመጣና ቀስ አድርጎ እያፈሰሰ ዉዱእ አስደረገኝ። እግሬን ታጥቤ ስጨርስ በውስጡ ውሃ ተርፎ ነበር። እርሱም በዚያችው በተረፈችው ዉዱእ አደረገ። ወደ መስጊድ ስንሄድ እጄን ያዘኝ።

አላህ (ሱ.ወ.) የምንናገረውን የምንሠራ ያድርገን። ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ ያድርግልን፤ የሰጠንንም ምድር አማናዋን ጠብቀን ለእነርሱ የምናስረክብ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።